አዲስ ክሪፕቶ ኮይኑን ለማን ያከፋፍላል? ጣታችሁን ከማድከማችሁ በፊት የሚነበብ መመሪያ

በ2024 ክረምት ከፒያሳ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ሃምስተር (ስክሪን እየነኩ ነጥብ የሚሰበስቡበት የቴሌግራም የኮይን ጨዋታ) የማይነካካ ወጣት ማግኘት ከባድ ነበር። አራት ኪሎ ካፌ ውስጥ ማኪያቶው ይቀዘቅዛል፣ ጣት ግን ስልኩ ላይ ነው። ከሰላምታ በፊት «የዛሬው ኮምቦ (ተጨማሪ ነጥብ የሚያስገኘው የቀኑ የካርድ ጥምር) ወጣ እንዴ?» ነበር የሚባለው። ከዚያ ኮይኑ መስከረም 16 ወጣ፣ ልክ የደመራ ዕለት። ብዙ ሰው የደረሰውን አይቶ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ።

እኔን የሚያንገበግበኝ የደረሰው ማነሱ ብቻ አይደለም። እንደሚያንስ ቀድሞ በግምት ማስላት ይቻል ነበር። ማንም አላስተማራቸውም እንጂ ስሌቱ የስድስተኛ ክፍል ሂሳብ ነው። አሁንም በየሳምንቱ አዲስ የቴሌግራም ቦት (እዚያው ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም) ይመጣል፣ አዲስ ሪፈራል (የጓደኛ መጋበዣ) ሊንክ ይላካል፣ እህትና ወንድሞቻችን ፓኬጃቸውን ያቃጥላሉ። ስለዚህ አዲስ ኮይን ቀድመው ለደገፉት ሰዎች እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ከመጀመራችሁ በፊት ምን ማየት እንዳለባችሁና ክሌይም ስታደርጉ (የደረሳችሁን ኮይን ስትወስዱ) ምን እንደምታደርጉ በቅደም ተከተል ላስረዳ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አንደኛ፦ በየትኛው መንገድ እንደሚከፋፈል ለዩ

አዲስ ኮይን ሰው እጅ የሚገባባቸው መንገዶች ያን ያህል ብዙ አይደሉም።

የመጀመሪያው ማይኒንግ፣ ማለትም በኮምፒውተር ኃይል ኮይን ማምረት ነው። ቢትኮይን በጃንዋሪ 2009 ሲጀምር ለማንም አስቀድሞ የተቀመጠ ድርሻ አልነበረም። ኮምፒውተሩን አስነስቶ ብሎክ (አዲስ የዝውውር መዝገብ ገጽ) ያገኘ ሰው 50 ቢትኮይን ይወስድ ነበር። ይህ ቁጥር በየአራት ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፣ ጠቅላላውም ከ21 ሚሊዮን አያልፍም። ቀድሞ የመጣ ሰው ብዙ አገኘ፣ ግን ኤሌክትሪኩን ከፍሎ ነው። ዛሬ ቴሌግራም ላይ «ማይን አድርጉ» የሚሏችሁ አብዛኞቹ ነገሮች ከዚህ ጋር ምንም አያገናኛቸውም፤ ስልካችሁ እዚያ ምንም አያመርትም፣ ቁልፉን መጫናችሁን ብቻ ነው የሚመዘግበው።

ሁለተኛው ቅድመ ሽያጭ ነው። ኢቴሪየም በ2014 ለ42 ቀናት ኮይኑን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሸጠ። መጀመሪያ ላይ 1 ቢትኮይን ላመጣ ሰው 2,000 ኢተር (የኢቴሪየም ኮይን) ነበር የሚሰጠው። በድምሩ 60 ሚሊዮን ገደማ ተሸጠ፣ 12 ሚሊዮን የሚጠጋ ደግሞ ለሠሩት ሰዎችና ለፋውንዴሽኑ ተቀመጠ። የኢቴሪየም መረብ (ኮይኑ የሚንቀሳቀስበት የኮምፒውተሮች ትስስር) ሥራ የጀመረው በጁላይ 2015 ነው፣ ስለዚህ የገዛው ሰው አንድ ዓመት ገደማ በቃል ብቻ አምኖ ቆይቷል። ያ ተሳካ። ከእሱ በኋላ በ2017 ይህንኑ መንገድ የኮረጁ ብዙዎች ግን ገንዘቡን ሰብስበው ጠፉ። አንድ የማታውቁት ቻናል «ፕሪሴል ተጀምሯል፣ ዶላር ላኩ» ሲላችሁ ምክሬ አጭር ነው፦ እለፉት።

ሦስተኛውን እኔ በጣም እወደዋለሁ፤ ያለፈውን የሚክሰው ኤርድሮፕ (ኮይን በነጻ ማደል) ነው። ዩኒስዋፕ የሚባለው የኮይን መለዋወጫ በሴፕቴምበር 2020 ድንገት አንድ ነገር አወጀ። ከሴፕቴምበር 1 በፊት አንድ ጊዜ እንኳ ለተጠቀመ እያንዳንዱ አድራሻ (እንደ ባንክ ሂሳብ ቁጥር ያለ) 400 ዩኒ፣ ማለትም የራሱን ኮይን ሰጠ። ልውውጡን ሞክሮ ያልተሳካለት ሳይቀር ደረሰው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት 400 ዩኒ ከ1,000 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። ማንም ሰው ሊያገኘው ብሎ አልሠራም፣ ምክንያቱም ማንም አያውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ዓለም ሁሉ ነቃ፤ ገና ኮይን ያላወጣ ነገር ሁሉ ላይ ሰው «ይሰጠኝ ይሆናል» ብሎ መመላለስ ጀመረ።

አራተኛው እኛ ሰፈር በደንብ የሚታወቀው ነው። ታፕ ማድረግ፣ ነጥብ መሰብሰብ፣ ጓደኛ መጋበዝ፣ ቻናል መቀላቀል። ኖትኮይን በዚህ ጀመረ፣ ሃምስተር ተከተለ፣ ዶግስ ደግሞ የቴሌግራም አካውንታችሁ ስንት ዓመት እንደሆነው አይቶ ሰጠ። ፓይ የሚባለው የስልክ መተግበሪያም ከ2019 ጀምሮ በየቀኑ አንድ ቁልፍ ሲያስነካ ቆይቶ መረቡን ለውጭ የከፈተው በፌብሩዋሪ 2025 ነው። ስድስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀር ማለት ነው።

መንገዱን መለየት ለምን ይጠቅማል? እያንዳንዱ የሚያስከፍላችሁ ነገር ስለሚለያይ ነው። አንዱ ገንዘብ ይጠይቃል፣ አንዱ ጊዜ፣ አንዱ ዳታ፣ አንዱ የመታወቂያችሁን ፎቶ። የምትከፍሉትን ሳታውቁ አትግቡ።

ሁለተኛ፦ የክፍፍሉን ሰንጠረዥ ፈልጉ

ዋናው ነገር ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም እንበል።

ቅርጫ ስትገቡ በሬው ከመታረዱ በፊት ስንት መደብ እንደሚወጣና ለስንት ሰው እንደሚካፈል ትጠይቃላችሁ። ኮይንም ላይ እንዲሁ መጠየቅ አለባችሁ። ጥሩ ፕሮጀክት ስለ አሠራሩ የሚያስረዳ ሰነድ ያወጣል፤ እዚያ ውስጥ «ቶክኖሚክስ» (የኮይኑ ብዛትና ክፍፍል) የሚል ክፍል አለ። ድረገጹ ላይ ዋይትፔፐር ወይም ዶክስ የሚለውን ተጫኑና ፈልጉት። ክብ ስዕል ወይም ሰንጠረዥ ታገኛላችሁ። ከሌለ፣ ወይም «በቅርቡ ይገለጻል» እያለ ወራት ካለፉት፣ ጊዜያችሁን አትስጡት።

አንድ ሰንጠረዥ አብረን እንይ። አርቢትረም የሚባለው በኢቴሪየም ላይ የተመሠረተ መረብ በማርች 2023 ኮይኑን ሲያወጣ ጠቅላላው 10 ቢሊዮን ነበር። ከዚህ ውስጥ 42.78 በመቶው ለጋራ ካዝናው ተብሎ ታወጀ። 26.94 በመቶው ለሠራተኞቹና ለአማካሪዎቹ። 17.53 በመቶው ገንዘብ ላስገቡ ባለሀብቶች። ለተጠቃሚዎች በቀጥታ የተሰጠው 11.62 በመቶ ነው፣ የቀረው 1.13 በመቶ እዚያው መረብ ላይ ለሚሠሩ ማኅበራት ሆነ።

አሁን ሁለቱን ቁጥሮች ደምሩ። የሠራተኛውና የባለሀብቱ ድርሻ 44.47 በመቶ ነው። የተጠቃሚው ከዚህ ሲታይ ሩብ ገደማ ነው። ይህ ማጭበርበር አይደለም፣ በግልጽ ተጽፎ የወጣ ነው። ግን «ለማኅበረሰቡ» የሚለው ቃል ሲጮህ ሰምታችሁ ሁሉም ለእናንተ እንዳይመስላችሁ። ካዝናውም ብዙ ጊዜ «ማኅበረሰብ» ተብሎ ይቆጠራል፤ እናንተ ኪስ የሚገባው ግን «ኤርድሮፕ» ከሚለው መስመር ብቻ ነው።

ከሰንጠረዡ አጠገብ ሌላ የሚነበብ ነገር አለ፦ መቼ እንደሚለቀቅ። የሠራተኛና የባለሀብት ድርሻ ብዙውን ጊዜ ይቆለፋል። በአርቢትረም ቁልፉ አራት ዓመት ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት ምንም አይለቀቅም፣ ከዚያ በኋላ በየወሩ በጥቂት በጥቂቱ። አንድ ዓመት ሲሞላ፣ በማርች 2024፣ 1.1 ቢሊዮን ገደማ ኮይን በአንድ ቀን ተለቀቀ። ይህን ቀን ቀድሞ ያላየ ሰው ዋጋው ለምን እንደሚንገዳገድ አይገባውም። በተቃራኒው ቁልፍ የሌለው የሠራተኛ ድርሻ ካያችሁ በጣም ተጠንቀቁ፤ በወጣበት ቀን ሸጠው መሄድ ይችላሉ ማለት ነው።

ሦስተኛ፦ ድርሻችሁን አስሉ

የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል። ሦስት ቁጥር ያስፈልጋችኋል፦ ለተጫዋች የተመደበው፣ የተካፋዩ ብዛትና የዋጋ ግምት።

ሃምስተርን እንውሰድ። ጠቅላላው 100 ቢሊዮን፣ ለመጀመሪያው ዙር ተጫዋቾች የተመደበው 60 ቢሊዮን። ይገባቸዋል የተባሉት 131 ሚሊዮን ሰዎች። 60 ቢሊዮንን ለ131 ሚሊዮን ስታካፍሉ 458 ኮይን ይወጣል። ገበያ ላይ ሲወጣ አንዱ 1 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነበር። ስለዚህ በአማካይ 4 ዶላር ተኩል አካባቢ፣ በዚያን ጊዜ ምንዛሬ ከ500 ብር ብዙም የማይርቅ። ለዚያውም አማካይ ነው፤ ጥቂቶች ብዙ ሲወስዱ አብዛኛው ሰው ከአማካዩ በታች ይሆናል። በዚያ ላይ 11.25 በመቶው ወዲያው አልተሰጠም፣ ለወራት ተይዟል።

አሁን ከኖትኮይን ጋር አነጻጽሩት። ጠቅላላው 102.7 ቢሊዮን፣ ለተጫዋቾች 78 በመቶ፣ ማለትም 80 ቢሊዮን ገደማ። የተጫዋቹ ብዛት 35 ሚሊዮን። ለአንድ ሰው በአማካይ ወደ 2,290 ይመጣል። መነሻ ዋጋው ተመሳሳይ ነበር፣ 1 ሳንቲም ገደማ፣ ስለዚህ 23 ዶላር አካባቢ። የሁለቱም ኮይን አጠቃላይ ዋጋ ሲወጡ 1 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው የተካፋዩ ብዛት ነው።

«ዋጋው ሳይታወቅ እንዴት እናሰላለን?» ትሉ ይሆናል። ከእሱ በፊት የወጣ ተመሳሳይ ኮይን ጠቅላላ ዋጋው ስንት እንደነበር እዩ። ለሃምስተር ኖትኮይን ነበረ። 1 ቢሊዮን ዶላር ብላችሁ ያዙ፣ 60 በመቶው 600 ሚሊዮን ነው። ሃምስተር በዚያ ክረምት 300 ሚሊዮን ተጫዋች አለኝ ይል ነበር። 600 ሚሊዮን ዶላር ለ300 ሚሊዮን ሰው 2 ዶላር ነው። በኋላ ብዙው ሰው ተጣርቶ ስለወጣ ከዚህ ትንሽ ተሻለ እንጂ፣ ግምቱ ነሐሴ ላይ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ነበር። አንድ ፕሮጀክት በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር ሰው አለኝ ብሎ ሲፎክር ደስ አይበላችሁ፤ ያ ሁሉ ሰው የሚካፈለው የእናንተን ድርሻ ነው።

ያወጣችሁትንም አስሉ። ለዚህ ብቻ የገዛችሁት ፓኬጅ በወር ስንት ነው? በስንት ወር ስንት ሆነ? ከሚጠበቀው ካለፈ መልሱን አገኛችሁ።

አራተኛ፦ ፎቶው የሚነሳበትን ቀንና ደንቡን እወቁ

ማንን ጨምረው ማንን እንደሚያስወጡ የሚወስኑት አንድ የተመረጠ ጊዜ ላይ ያለውን መዝገብ በማየት ነው። ስናፕሾት ይሉታል። የአርቢትረም ስናፕሾት የተወሰደው ፌብሩዋሪ 6፣ 2023 ነው፣ ሕዝቡ የሰማው ግን ማርች 16 ነው። ከሰማ በኋላ የሮጠ ሰው ምንም አላገኘም። ስለዚህ ኤርድሮፕ ከታወጀ በኋላ «አሁን ግቡ፣ አሁን ተመዝገቡ» የሚል ሁሉ ወይ አልገባውም ወይ ሪፈራል እየሰበሰበባችሁ ነው።

ደንቡ ብዙ ጊዜ ነጥብ ይቆጥራል። በስንት የተለያዩ ወራት ተጠቀማችሁ፣ ምን ያህል አንቀሳቀሳችሁ፣ ስንት የተለያየ አገልግሎት ሞከራችሁ። በአርቢትረም ያነሰው 625፣ የበዛው 10,250 ኮይን ነበር የደረሰው። አንድ ቀን ተሯሩጦ ሁሉንም ከሚጨርስ ሰው ይልቅ በየወሩ ትንሽ ትንሽ የሚጠቀም የተሻለ ያገኛል፣ ቢያንስ እስካሁን የታየው ይህ ነው።

አሥር አካውንት ከፍቶ አሥር እጥፍ ለመሸቀል ማሰብ እዚህ ከተማ በጣም ተለምዷል። ሲም ካርድ እየተዋሱ፣ የእናት ስልክ ላይ ሳይቀር። ይህን ተዉት። ሃምስተር 2.3 ሚሊዮን አካውንት በማጭበርበር አስወጥቷል። ሌየርዜሮ የሚባለው ፕሮጀክት በ2024 ደግሞ ብዙ ዋሌት (የኮይን ማስቀመጫ) የሚያንቀሳቅሱትን ራሳችሁን አጋልጡና ከድርሻችሁ 15 በመቶውን ውሰዱ፣ ካላጋለጣችሁና ከያዝናችሁ ምንም የለም ብሏቸው ነበር። ዋሌቶቹ ከአንድ ቦታ ገንዘብ ሲቀበሉና በተመሳሳይ ሰዓት ተመሳሳይ ነገር ሲሠሩ መዝገቡ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ በቀላሉ ይታያል። አንድ ንጹሕ አካውንት ይሻላል።

የአገር ገደብንም አንብቡ። አንዳንድ ኤርድሮፕ የተወሰኑ አገሮችን ነዋሪዎች አይቀበልም፤ ዝርዝሩ የአጠቃቀም ውል ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል። ወራት ከደከሙ በኋላ ማወቅ ያማል።

አምስተኛ፦ ዋሌት አዘጋጁ

ለኤርድሮፕ ብቻ የሚሆን ለብቻው ዋሌት ክፈቱ። ሌላ ገንዘብ ያለበትን ዋሌት ከማታውቁት ድረገጽ ጋር አታገናኙ።

ዋሌቱን ስትከፍቱ 12 ወይም 24 የእንግሊዝኛ ቃላት ይሰጣችኋል። በቅደም ተከተላቸው ወረቀት ላይ ጻፉ። ስክሪንሾት አታንሱ፣ ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ውስጥ አታስቀምጡ፣ ስልክ የሚጠግንላችሁ ልጅ ፊትም አታውጡት። እነዚህን ቃላት የያዘ ሰው ዋሌቱ የእሱ ነው፤ የይለፍ ቃል መቀየር የለ፣ ቅርንጫፍ ሄዶ ማመልከት የለ። ክሌይም ለማድረግ እነዚህን ቃላት የሚጠይቅ ትክክለኛ ፕሮጀክት የለም። አንድም። «ሰፖርት ነኝ» ብሎ በውስጥ መስመር የሚጽፍላችሁ ሰው ሌባ ነው።

መታወቂያ የሚጠይቅም አለ። ፓይ ለምሳሌ ማንነታችሁን ሳያረጋግጥ ኮይኑን አያስተላልፍላችሁም። እዚህ ላይ የራሳችሁን ውሳኔ ስጡ፣ ግን የፋይዳ ካርዳችሁን ፎቶና ቁጥር ባለቤቱ በማይታወቅ የቴሌግራም ቦት ውስጥ መላክ ለ5 ዶላር ብሎ የሚደረግ ነገር አይደለም።

ስድስተኛ፦ የክሌይም ቀን

ሌባ በብዛት የሚወጣው በዚህ ቀን ነው። አርቢትረም ማርች 23፣ 2023 ክሌይም ሲከፍት ሰው ተረባርቦ ድረገጹ ተጨናንቆ ወደቀ፤ በዚያው ሰዓት ተመሳሳይ ስም ያላቸው የሐሰት ገጾች ዘረፋ ላይ ነበሩ። ሰው ግን ስድስት ወር ሙሉ ክሌይም ማድረግ ይችል ነበር። አትቸኩሉ። አንድ ሁለት ቀን ጠብቁ፣ አድራሻውን ከዋናው ድረገጽ ውሰዱ፣ ከኮሜንት ወይም ከጓደኛ በተላከ ሊንክ አትግቡ፣ ጓደኛችሁ ራሱ ተጠልፎ ሊሆን ይችላል።

ገጹ ላይ ስትገቡ መጀመሪያ ዋሌት አገናኙ ይላል። ይህ አድራሻችሁን ብቻ ነው የሚያሳየው። ቀጥሎ የሚመጣውን መስኮት ግን ቃል በቃል አንብቡ። ትክክለኛ ክሌይም ኮይን ወደ እናንተ ያስገባል፣ የሚያስወጣው የመረቡን ትንሽ ክፍያ ብቻ ነው። መስኮቱ ላይ «አፕሩቭ» የሚል ካለና መጠኑ «ያልተገደበ» ከሆነ፣ ያ ገጽ ከዋሌታችሁ ያንን ኮይን በፈለገ ጊዜ የማውጣት ፈቃድ እየጠየቀ ነው። ሰርዙና ውጡ። ቀድማችሁ ፈቅዳችሁ ከሆነ ሪቮክ ዶት ካሽ የሚባለው ገጽ ላይ የኢቴሪየምና የመሰል መረቦች ፈቃዶችን ማንሳት ይቻላል፣ ያኔ ግን ገንዘቡ ቀድሞ ካልወጣ ነው።

ለመረቡ ክፍያ የዚያው መረብ ኮይን ያስፈልጋችኋል። ሃምስተርና ኖትኮይን ቶን የሚባለው መረብ ላይ ስለሆኑ ትንሽ ቶን፣ አርቢትረም ላይ ትንሽ ኢተር። ይህን ለመሸፈን ብሎ «መጀመሪያ 20 ዶላር ላኩ» የሚል ካለ ሌባ ነው፤ የመረብ ክፍያ ከራሳችሁ ዋሌት ይቆረጣል እንጂ ለሰው አይላክም።

ወደ መገበያያ መድረክ የምትልኩ ከሆነ ደግሞ በቶን ላይ አንድ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ከአድራሻው በታች «ሜሞ» የሚባል ቁጥር ይሰጣችኋል። አድራሻው የመድረኩ የሁሉም ደንበኛ የጋራ ሊሆን ይችላል፤ ኮይኑ የእናንተ መሆኑን የሚለየው ሜሞው ነው። ሳትጽፉት ከላካችሁ ኮይኑ ደርሶም በስማችሁ አይገባም፣ ለማስመለስም መከራ ነው። መጀመሪያ ትንሽ ላኩና መድረሱን አይታችሁ የቀረውን ላኩ።

ዋሌታችሁ ውስጥ ያልጠበቃችሁት ኮይን ገብቶ ስሙ ላይ የድረገጽ አድራሻ ከተጻፈ አትንኩት። ወጥመድ ነው። እዚያው ይቀመጥ፣ አይበላም።

ሰባተኛ፦ ወደ ብር ስለመቀየር

ይህንን ከመጀመራችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ ቢሆንም ሰው ሁሉ የሚጠይቀው መጨረሻ ላይ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2022 ባወጣው ማሳሰቢያ ክሪፕቶን ለክፍያና ለገንዘብ ዝውውር መጠቀም እንዳልተፈቀደ፣ የአገሪቱ መገበያያ ብር እንደሆነ አስታውቋል። ስለዚህ አንድ ነገር ቢበላሽ ሄዳችሁ የምትከሱበት ቦታ ማግኘት ከባድ ነው። በቴሌግራም ግሩፕ ከማታውቁት ሰው ጋር ስትለዋወጡ ሌላም አደጋ አለ፦ የሚላክላችሁ ብር ከሌላ ሰው የተሰረቀ ከሆነ አካውንታችሁ ታግዶ እናንተ ተጠያቂ ልትሆኑ ትችላላችሁ። «ብሩን ልኬያለሁ» ተብሎ በስክሪንሾት የሚታመንም ሞልቷል፤ የውሸት ደረሰኝ መሥራት ደቂቃ አይፈጅም። ሕጉ የሚቀያየር ነገር ስለሆነ ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት የባንኩን የቅርብ ጊዜ መመሪያ እዩ።

ለማቆየት ከወሰናችሁ ደግሞ የመቆለፊያ ሰንጠረዡን እንደገና አውጡና ቀኖቹን ስልካችሁ ካላንደር ላይ መዝግቡ። የባለሀብቶቹ ድርሻ የሚለቀቅበትን፣ የእናንተ የቀረው ድርሻ የሚሰጥበትን፣ ክሌይም የሚዘጋበትንም። በአርቢትረም በስድስት ወር ውስጥ ያልተወሰደው ሁሉ ወደ ካዝናው ተመልሷል።